መልእክቱ ገራዶ ደርሷል ወይ?

ባለፈው ሳምንት የልጆችን ጥርስ ነገር ሳልጨርስ ነበር የተለያየነው። ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ ለሌላ ጊዜ ላሸጋግረው። ከገራዶ አንድ ጉዳይ መጥቶ ስመላለስበት ስለከረምኩ፣ ዛሬ እሱን ካልጻፍኩ እጄ ሌላ አይጽፍልኝም።

ገራዶን ለማታውቁ፣ ከደሴ ቁልቁል ወረድ ሲሉ የሚገኝ ሜዳ ነው። የእናቴ ዘመዶች እዚያ አሉ። ከእነሱ ጋር አጥር የሚጋሩ አንዲት አያት አሉ፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። የዛሬ ዓመት ገደማ የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ሊሠሩ ከፊታቸው አስቀምጠው ጀርባዋን ሲያዩ አንዱ ትከሻዋ ከሌላው ከፍ ብሎ አገኙት። "ቀጥ በይ እንጂ" አሏት። ቀጥ አለች፤ ትከሻው ግን እንደነበረው ነው። ዩኒፎርሟም በአንድ ወገን እንደሚንጠለጠል ያስተዋሉት ያን ጊዜ ነው። ልጅቱ 13 ዓመቷ ነው። እናቷ ጅዳ በሰው ቤት ስለምትሠራ፣ ያሳደጓት እማማና አባቷ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች ልጆች ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። ልጁን ወይም ልጅቱን ጀርባ አስገልጣችሁ፣ እግር ገጥማ፣ መዳፍ ለመዳፍ አጋጥማ፣ ስግደት እንደሚጀምር ሰው ወደፊት እንድትጎነበስ አድርጉ። ከኋላ ሆናችሁ እዩ። የአንዱ ወገን የጎድን አጥንት እንደ ጉብታ ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ የሚሉት የአከርካሪ መጣመም በአብዛኛው ምክንያቱ አይታወቅም፤ የደብተር ቦርሳ መሸከም ወይም በእንቅልፍ ላይ ተጣሞ መተኛት አያመጣውም። ዕድገት ሲፋጠን ነው የሚብሰው፤ ስለዚህ ቶሎ ማየት ዋጋ አለው። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጀርባ ሕመም ካለበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የአጥንት ቲቢ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሳምንትም መጠበቅ አይገባም።

እማማ ቶሎ አይተዋል ግን ቶሎ አልሄዱም። ወጌሻ ጋ ሄዱ፤ ወደ ጠበልም ወደ ዱዓም ሄዱ። ስምንት ወር አለፈ። በመጨረሻ ደሴ ራጅ ተነሥታ አዲስ አበባ ስትላክ መጣመሙ ከ60 ዲግሪ አልፎ ነበር። በዚህ ደረጃ ላይ መቀነቻ የመሰለው የፕላስቲክ መደገፊያ አይበቃም። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አሉ፤ ብረትና ብሎን ተጠቅመው አከርካሪውን ቀና ማድረግ።

ቤተሰቡ የተጣላው እዚህ ላይ ነው። እኔም ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና "ነይ አስታርቂን" ተብዬ ተጠራሁ። ቡናው ተፈልቶ አቦል ላይ ሳለን እማማ ተናገሩ።

"ልጄ፣ እኔ ጎባጣዋን ይዤ እኖራለሁ። ተጣሞም ይታገባል፤ ተጣሞም ይወለዳል። ጀርባዋን ከፍተው፣ ያን የነርቭ ገመድ ነካክተው፣ ሽባ አድርገው ቢመልሱልኝስ?" ካሉ በኋላ በአገጫቸው ወደ ደጃፉ ጠቁመው፣ "በዚህ ቤት አንድ ይበቃል" አሉ።

ደጃፉ ላይ የተቀመጠው አማቻቸው፣ የልጅቱ አባት ነው። በትር ተደግፎ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ በጣቶቹ እየረገጠ ነው የሚሄደው። የመጣው ከደላንታ ነው። ልጅ ሳለ፣ በ1989 ዓ.ም. አካባቢ ሰብሉ ሲከሽፍ፣ ጓያ ብቻ ተርፎ ቤቱ በሙሉ እሱን ሲበላ ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት ሊነሣ ሲል እግሩ አልታዘዘውም። ጓያ የሰበረው ሰው ነው። አማቱ ያሉትን ሰምቶ ምንም አልመለሰም፤ መሬቱን በበትሩ ይጭር ነበር።

እማማ ሌላም ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ማታ ለብቻዬ ሹክ አሉኝ። የልጅቱ ጀርባ ከአባቷ የወረደ መስሏቸዋል። አይደለም እማማ፣ የጓያ ጉዳት በዘር አይወርድም አልኳቸው። የምግብ መርዝ ነው፤ በራሱ በሰውየው ላይ ይቀራል። ከአባት ወደ ልጅም፣ ከእግር ወደ ጀርባም አይሄድም።

የጓያን ነገር ወሎ ከማንም በላይ ያውቀዋል ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ የምናውቀው ግማሹን ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያጠኑት ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደላንታና አካባቢው ላይ የደረሰውን ደግሞ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው አጥንተው፣ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ይበልጥ የተጎዱት ወጣት ወንዶች ነበሩ። ኋላ ላይ የአዘገጃጀቱን ነገር ሲያዩ እሸቱን ጥሬውን መብላት፣ ንፍሮውና ቆሎው አደጋውን ከፍ አድርገው ተገኙ፤ በእርሾ የቦካ እንጀራው፣ ቂጣውና ሽሮው ግን እንደዚያ አልነበሩም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉም ይረዳል። ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቆማል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ለወራት ብቻውን ሲበላ ኦዳፕ የተባለው በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር የነርቭን መንገድ ይመታል። አያቶች፣ ለልጅ ልጆቻችሁ የጓያ እሸት ከማሳ ቀጥፋችሁ አትስጡ። ይህ ቢረሳ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ግን የትኛውን የነርቭ መንገድ? የልጅቱ ጉዳይና የአባቷ ጉዳይ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሁላችንም በምናውቀው መንገድ ላስረዳ። አንጎላችን አዲስ አበባ ነው እንበል፤ የእግራችን ጡንቻ ደግሞ ገራዶ። "ተራመድ" የሚለው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ የጣርማ በርን ዋሻ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ይህ ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው የሕብለ ሰረሰር መንገድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መኪና ይቀየራል። ሁለተኛው መኪና ደብዳቤውን ተቀብሎ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ገራዶ ያደርሳል፤ ይህ ደግሞ ከወገብ ወጥቶ በጭን በባት አድርጎ ጡንቻ ጋ የሚደርሰው ነርቭ ነው። የሚገርመው የቀኝ እግርን የሚያዘው የግራ አንጎል መሆኑ ነው፤ መንገዱ አንገት ሳይደርስ ይሻገራል።

ታዲያ ደብዳቤው ገራዶ ካልደረሰ፣ መንገዱ የት ላይ ተቆረጠ? ጣርማ በር ላይ ወይስ ሐረጎ ላይ? ገራዶ ላይ ያለው ሰው "አልደረሰኝም" ከማለት በቀር አያውቅም። ሐኪሙ ግን በመዶሻው ጉልበት መትቶ ብዙ ነገር ይረዳል። የታችኛው መንገድ ሲቆረጥ ጡንቻው ይዝላል፣ ይከሳል፣ ጉልበት ሲመታ አይዘልም። የላይኛው ሲቆረጥ ደግሞ እግር ይገተራል፣ ጉልበት ሲመታ ከልክ በላይ ይዘላል። በደቡብ ወሎ የሁለቱም ምሳሌ አለን። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ሲያክማቸው የኖሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጉዳታቸው የታችኛው መንገድ ላይ፣ በክርንና በጉልበት ጎን በሚያልፉት ነርቮች ላይ ነው። የጓያው ጉዳት የላይኛው ነው። ሁለቱም ሰዎች ያነክሳሉ፤ የተሰበረው መንገድ ግን ለየቅል ነው።

መዶሻው ካልበቃ መለካት ይመጣል። የታችኛውን መንገድ ለመለካት ቆዳ ላይ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ ነገር ጡንቻው ላይ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካሉ። ሱፍ ሹራብ ስናወልቅ ቋ እንደሚለው ዓይነት ነው። ጡንቻው ሲኮማተር ስክሪኑ ላይ አንድ ሞገድ ይወጣል። ሁለት ቦታ ላይ ነክተው፣ መሀሉን በሜትር ለክተው፣ ጊዜውን ያካፍሉታል፤ ፍጥነቱ ይገኛል። የጤነኛ አዋቂ ሰው የክንድ ነርቭ በሴኮንድ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የእግሩ ትንሽ ቀስ ይላል። አራስ ልጅ ግን የአዋቂውን ግማሽ ያህል ነው ያለው፤ የነርቩ ሽፋን ገና አልተሸመነምና። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይደርስበታል። ስለዚህ ለሕፃን ልጃችሁ "ነርቩ ቀርፋፋ ነው" የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ጠይቁ። ብርድም ነርቭን ያዘገያል። በደሴ ብርድ እጅ ደርቆ ገብቶ የተለካ ሰው ሳይታመም ታማሚ ሊመስል ይችላል፤ ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ እጅ እግር ያሞቃል።

የላይኛው መንገድ ግን አጥንት ውስጥ ነው፤ ለብዙ ዘመን ሳይነኩት መለካት አልተቻለም ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ሜርተንና ሞርተን የተባሉ እንግሊዛውያን በራስ ቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ ነክተው፣ የነቃ ሰው እጅ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ሠራ፤ ግን ያማል። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በማግኔት አደረጉት። ምጣድ የመሰለ ጥቅል ሽቦ ራስ ላይ ይያዛል፣ ቀጭ ይላል፣ ጣት ይንቀሳቀሳል፤ አያምም። ከራስ እስከ እጅ 20 ገደማ፣ እስከ እግር 30 ገደማ የሴኮንድ ሺኛዎች ይወስዳል። ከዚያ ወገብ ላይ ደግመው ይነኩና ከኮምቦልቻ እስከ ገራዶ ያለውን ጊዜ ለብቻ ያገኛሉ። ከጠቅላላው ሲቀንሱት የቀረው ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ነው። የላይኛው መንገድ ከተጎዳ ይህ ጊዜ ይረዝማል፤ ወይም ሞገዱ ጨርሶ አይመጣም። በራስ ቅሉ ውስጥ ብረት ያለበት፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

እንግዲህ ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የልጅቱ ነርቮች እንዲታዩ ታዝዞ አራታችንም አዲስ አበባ ወረድን። ልጅቱ ፀጉሯ ውስጥ ቅቤ፣ እግሯ ላይ ቫዝሊን ነበራት፤ እማማ ለጉዞው አሳምረዋት ነው። ባለሙያዋ ሣቅ እያለች ሁሉንም አጥባ አስወለቀችው። ቅባት ካለ ተለጣፊው አይይዝም፤ ስትሄዱ ታጥባችሁ ሂዱ። የልጅቱ ውጤት ደህና ሆነ። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው፤ ጀርባው ተጣሟል እንጂ ነርቩ ገና አልተነካም።

ሐኪሙ ሲጨርስ አባትየውን አየው። "እርስዎስ፣ ጓያ ነው?" አለ። ከየት ነዎት፣ ስንት ዓመት ሆነዎት ብሎ ጠየቀውና አልጋው ላይ አወጣው። ጉልበቱን በመዶሻው መታ ሲያደርገው እግሩ ሐኪሙን ሊመታው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ተለጣፊውን እግሩ ላይ አደረገና ከጉልበቱ ጎን በኤሌክትሪኩ ነካው። እግሩ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ዘለለ። ደግሞ ነካው፤ ደግሞ ዘለለ። ስክሪኑ ላይ ሞገዱ ሙሉ ነበር።

"ከጉልበትዎ በታች ያለው ነርቭዎ ጤነኛ ነው" አለው።

አባትየው እግሩን እንደ ሰው እግር እያየ ዝም ብሎ ቆየ። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ቆሞ ነው?" አለ በመጨረሻ። ሐኪሙ ጣቱን ከራሱ እስከ ወገቡ እያወረደ አሳየው፤ እዚህ ነው የተቆረጠው፣ ትእዛዙ ነው የማይደርሰው እንጂ እግርዎ አልሞተም አለው። መድኃኒት እንደሌለውም አልደበቀውም። አይብስም፣ አይሻልም፤ ግን ጅማቱ እንዳያጥር በየቀኑ መሳብ፣ መንቀሳቀስ ይጠቅማል። እማማ ማዕዘኑ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ያን ቀን ወደ ማደሪያችን ስንመለስ በትሩን ከእጁ ወስደው ክንዳቸውን ሰጡት። በጋብቻው ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ማታ ላይ አባትየው ጠየቀኝ። "እንግዲህ እሷን ሲሠሯት የሚነኩት ያንን የኔን የተቆረጠውን መንገድ ነው፤ አይደል?" አዎ አልኩት። "ታዲያ ተኝታ ሳለ መቆረጡን በምን ያውቃሉ?"

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከሐኪም አፍም አልሰማሁም። ዱሮ የሚያውቁት ስትነቃ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። በ1973 እ.ኤ.አ. ስታኛራ የተባለ ፈረንሳዊና ባልደረቦቹ አንድ ዘዴ ይዘው መጡ፤ በቀዶ ሕክምናው መካከል፣ ጀርባው ክፍት እንደሆነ፣ ማደንዘዣውን ቀነስ አድርገው በሽተኛውን ያነቁና "እግርህን አንቀሳቅስ" ይሉታል። ካንቀሳቀሰ መልሰው ያስተኙታል። ጠዋት ሲጠየቅ ብዙው አያስታውሰውም። ዛሬም መሣሪያ ከሌለ ወይም ከተጠራጠሩ ያደርጉታል። ቀጥሎ ስሜት ይዞ የሚወጣውን መንገድ በኤሌክትሪክ መከታተል መጣ፤ እግር ይነካል፣ ራስ ላይ ይነበባል። ግን ስሜቱ እየደረሰ እግሩ ሽባ ሆኖ የነቃ ሰው አጋጠመ። ስሜት የሚሄደው በሕብለ ሰረሰሩ ጀርባ ነው፤ ለመንቀሳቀስ የሚያዘው መንገድ ደግሞ ደሙን የሚያገኘው በዋናነት ከፊት ለፊቱ ቧንቧ ነው። የአንዱ ደህንነት ስለ ሌላው አይመሰክርም።

ስለዚህ አሁን ራሱን የትእዛዙን መንገድ ይከታተላሉ። ሕመምተኛዋ ከተኛች በኋላ ቀጫጭን መርፌዎች በራስ ቆዳዋ፣ በእጇና በእግሯ ጡንቻዎች ይገባሉ። ምላሷን እንዳትነክስ ጥርሶቿ መካከል ጨርቅ ይደረጋል። ባለሙያው በየጊዜው ከራሷ ላይ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ እግሯ ጥቂት ንፍር ይላል፣ ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ይሄ እንዲሆን ማደንዘዣው ራሱ መለየት አለበት። ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ካለ ሞገድ የለም፤ በጋዝ የሚሰጠውም ሞገዱን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ በደም ሥር በሚንጠባጠብ መድኃኒት ነው የሚያስተኟት። ሞገዱ ከወደቀ ባለሙያው ይናገራል፣ ቀዶ ሐኪሙ እጁን ያነሣል። ሽቦ ተነቅሎ ይሆን? የደም ግፊት ወርዶ? ሰውነቷ ቀዝቅዞ? ያ ሁሉ ደህና ከሆነ ብረቱ ይላላል። በአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ዕጢው እጅና እግር ከሚያዘው ክፍል አጠገብ ከሆነ እየነኩ፣ እያዩ ነው የሚቆርጡት። አንዳንዴ በከንቱ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ሁሉን አያይም። ማንም ሐኪም መቶ በመቶ ብሎ አይፈርምላችሁም፤ ከፈረመ ተጠራጠሩት።

ይሄ ለኛ አገር ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ፣ ጀርባቸው ክፉኛ የተጣመመ፣ አንዳንዶቹም በቲቢ የታጠፈ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ወደ ጋና ልከዋል። እዚያ ጋናዊው ዶክተር ኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄ በ1998 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ፎኮስ የተባለ ድርጅት አለ፤ አክራ ያለው ሆስፒታሉ በ2012 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። መጣመማቸው የከበደውን ልጆች አስቀድመው ራሳቸው ላይ የብረት ቀለበት አድርገው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በክብደት ቀስ እያሉ ይስቧቸዋል። በአንድ ቀን መንጭቆ ማቅናት ያንን ገመድ ስለሚጎዳ ነው። እዚህም ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች ከሐኪሞቻችን ጋር ይሠራሉ፤ ልጅቱም የደረሳት እንዲህ ያለ ተራ ነው።

እማማ እሺ ያሉት ግን በእኔ ገለጻ አይደለም። ጅዳ ያለችው ልጃቸው በኢሞ ደውላ አልቅሳ ለመነቻቸው፤ ያም አልበቃም። ቀዶ ሐኪሙ ጋ ገብተው በአስተርጓሚ ጠየቁት። "እግሯን የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ይውላል ወይ?" አሉት።

"ያለ እሱ አልጀምርም" አላቸው።

"ያ ሰው ከጮኸ ታቆማለህ?"

"አቆማለሁ።"

"ጀርባዋ ሳይቀና ቢሆንም?"

ሐኪሙ ትንሽ አሰብ አደረገ። "ሳይቀናም ቢሆን" አለ። ያን ጊዜ ለፊርማው አውራ ጣታቸውን ሰጡ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ጠበቅን። አባትየው አልተቀመጠም፤ በበትሩ ኮሪደሩን ሲመላለስ ዋለ። ኋላ ሐኪሙ እንደነገረን፣ ብረቱን አጥብቀው ሊያቀኑ ሲሉ የግራ እግሯ ሞገድ ጠፋ። የቀኙ ደህና ነበር። ግፊቷን ከፍ አደረጉ፤ አልመጣም። ብረቱን አላሉት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንሽ ሞገድ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ሙሉው ተመለሰ። መልሰው ሲያጠብቁት ከዚያኛው አነስ አድርገው፣ እዚያው ላይ ተዉት። ከ60 በላይ የነበረው ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ወርዷል። ሊወርድ ይችል ነበር፤ ግን ሞገዱ ያለው እስከዚያ ነው።

ስትነቃ ነርሷ ጎንበስ ብላ "የእግርሽን ጣት አንቀሳቅሺልኝ" አለቻት። የቀኙን አንቀሳቀሰች። "የግራውንስ?" አባቷ አልጋውን ጨብጦ ቆሟል። ሁሉም የግራ ጣቶቿ አንድ ላይ ተነሡ።

ባለፈው እሑድ ገራዶ ወርጄ ነበር። ልጅቱ ሁለት ጣት ያህል ረዝማለች፤ አጥር ተደግፋ ቆማ ከጓደኞቿ ጋር ታወራለች። እማማ ቡና እየወቀጡ ገና ሳልቀመጥ አጉረመረሙ። ግራ ትከሻዋ አሁንም ትንሽ ዝቅ ብሏል ይላሉ፤ ደሴ ያለው ልብስ ሰፊ ዩኒፎርሟን በዚያ ወገን እንዲያሳጥርላቸው ወስደውት ነበር፣ ለእሱም ሁለት ቀን አመላለሳቸው።